የ16 ገጽ ዝምታ

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እናጥና ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልለመነኝም። ተማሪ ሳለን ለፈተና ብለን እየዘለልን ያነበብነውን መጽሐፍ አሁን ጢም አውጥተን በወጉ እናንብበው ብዬ አምስት ጓደኞቼን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ሰበሰብኩ። ቡናው የእናቴ፣ ፈንዲሻው የእናቴ፣ ሊቅነቱ ግን የእኔ።

መጽሐፉም የእኔ ብቻ ነበር። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል። ለሌሎቹ የሳምንቱን ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ አድላለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ «ጭብጥ»፣ በቀኝ «ተምሳሌት»። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደኅና ሄደ። ሰብለ ወንጌል ማለት የወንጌል አዝመራ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለው በዛብህ እንዲህ ያለ ስም ባላት ልጅ ፍቅር መያዙን ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲያው በዘፈቀደ ያደረጉት አይመስለኝም። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥፋቴ ከዚያ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ በቅሎ ከመጣች የመኳንንት ሥርዓት፣ ዝናብ ከዘነበ የድሃ እንባ ሆነ። የቀኙ ዓምድ ሞልቶ ወደ ግራው ፈሰሰ። በመጽሐፉ የተጠቀሰውን የዲማ ጊዮርጊስን ደብር «የታሰረ አእምሮ ተምሳሌት» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ደራሲው ራሳቸው እዚያ እንደተማሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውየው የተማሩበትን ደብር በስሙ ጠሩ፤ እኔ ወህኒ አደረግሁባቸው። (ወህኒስ ቢሆን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ በወረራው ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል።)

በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባ በኋላ አንድ ጉድ ገጠመኝ። አንዱ ገጽ ላይ አስተማሪና ተማሪ ናቸው፤ ገለጥ ሲያደርጉት በፍቅር ነደዋል። በመካከሉ ምንም የለም፤ ዓረፍተ ነገሩ እንኳ አላለቀም። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ቅዳሜ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ደራሲው እዚህ ጋ ሆን ብለው ዝም ብለዋል። ፍቅር መቼ እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም፤ ዝምታው ራሱ ተምሳሌት ነው» አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ በጣም ስለተመሰጠ «እስቲ ድገመው» ብሎ በሞባይሉ ቀዳኝ። ደገምኩለት።

የጎረቤታችን እማማ ጥግ ተቀምጠው ሁለተኛውን ስኒ ይጠጣሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ታሪኩን የሚያውቁት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው።

«የምን ዝምታ ነው ልጄ?» አሉ።

ስኒውን አስቀምጠው የጎደለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወሩልን፤ ሰብለ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ቀጠን፣ ፊታውራሪ ጋ ሲደርሱ ጎርነን እያደረጉ። ለካ ወጋየሁን ነው የያዙት። ያኔ ነው የገጽ ቁጥሩን ያየሁት። 16 ገጽ የለም። አንዳንድ መጽሐፍ በ16 በ16 ገጽ እየታጠፈ ይሰፋል፤ ክሩ ሲበጠስ አንዱ እጥፍ እንዳለ ይወልቃል። የእኔው እጥፍ የትኛው ሱቅ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እንዳለቀ እግዜር ይወቅ። እኔም ጉድለቱን አባዝቼ ለአምስት ሰው አድያለሁ።

ደብተሬን ልደብቅ ስል እማማ «እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። በቅሎዋ ጋ ስደርስ ሳቁ።

«ልጁን ሲሳሉት ጠየቁት?»

«አልጠየቁትም፣ እማማ።»

«ልጅቷንስ ባል በዘር ሲመርጡላት ጠየቋት?»

«አልጠየቋትም።»

«እንግዲህ ይኸው ነዋ!» ብለው ሦስተኛውን ቡና ጠየቁ። በግራው ዓምድ ሁለት ወር ሙሉ ይህን አልጻፍኩም ነበር።

በማግስቱ ሌላ ቅጂ ገዛሁ። ሻጩ እስኪሰለቸው ድረስ ፊቱ ቆሜ ገጹን ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው። ጓደኛዬ ግን ቀረጻውን እስካሁን አላጠፋውም።