መናደድ ወይስ መቀደስ

በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ሕግ አንድ ዙር ውጊያ የሚፈጀው 6 ሰከንድ ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን በዚያች 6 ሰከንድ ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ይጠጣል፣ ስኒው ይታጠባል። ዘንዶውም አፉን እንደከፈተ ክርክራችንን ያዳምጣል።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ሰይፍና ድግምት ሲገናኙ ነው። ሰይፍ ለብቻው ነገር አያበዛም፤ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላለህ፣ ትመታለህ ወይም ትስታለህ። ድግምትም ለብቻው ክፋት የለውም። ሁለቱ አንድ ሰው እጅ ሲገቡ ነው ጣጣው።

መሐላ ያሰረውን ጦረኛ፣ ፓላዲንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው እትም ጠላቱን በሰይፍ ካገኘው በኋላ ከድግምት ኮታው ቀንሶ መለኮታዊ ምት ይጨምርበት ነበር፤ ትንሹ ኮታ እንኳ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ያስጥላል። ምቱ ችሎታ እንጂ ድግምት ስላልነበረ ከልካይ አልነበረውም። ብልጦቹ ታዲያ ኮታቸውን ቆጥበው የሚጠብቁት ዳይሱ 20 እስኪያሳይ ነው፤ ያኔ የጉዳቱ ዳይስ ሁሉ እጥፍ ይሆናላ! ስንቱ የጭራቅ አለቃ ፉከራውን ሳይጨርስ ተሸኘ።

በ2024ቱ እትም ግን ምቱ ራሱ ድግምት ተደረገ። መዘዙን ተመልከቱ። ድግምት በአፍ ይደገማልና፣ ጸጥታ በተደገመበት ክልል ውስጥ ፓላዲኑ እንደ ማንም ተራ ወታደር በባዶ ሰይፉ ይማታል። የጠላት ጠንቋይም ሊያከሽፍበት ይችላል፤ ቢከሽፍ ኮታው አይባክንም፣ የሚባክነው ግርማው ነው። የተራውን ተጨማሪ እርምጃ ስለሚበላም በአንድ ተራ ሁለቴ መድገም ቀረ።

ከሁሉ የተጎዳው ፓላዲንን ከንዴተኛው ጦረኛ ከባርቤሪያን ያዳቀለው ወዳጃችን ነው። ባርቤሪያን ንዴቱ ሲነሳ ድግምት አይደግምም። በድሮው እትም እየጦፈ መለኮታዊ ምቱን ያወርደው ነበር፤ አሁን ወይ መናደድ ወይ መቀደስ ነው። እሱ ግን መጥረቢያውን አንስቶ ሁለቱንም ሊያደርግ ሲንደረደር ከጠረጴዛው ጥግ አንዱ "በሕግ አምላክ!" አለ። ቀስት የማይመልሰው፣ እሳት የማያስደነግጠው ጀግና ባለበት ተገተረ፤ የሕግ መጽሐፉ ገጽ ተገልጦ እስኪነበብ ድረስ።

ሕግ ጨዋታ ያበላሻል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰይፍና ድግምት ያለ ገደብ ቢደመሩ ዘንዶው በመጀመሪያው ዙር ይሞትና ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባለን፤ ብልሃት የሚፈለገው አንዱን ስትይዝ ሌላውን መልቀቅ ሲኖርብህ ነው። ደግሞም የወዳጃችንን ሕግ አክባሪነት አትጠራጠሩ፤ በማግስቱ የጠላት ፓላዲን ሊመታው ሲል "ይሄ እኮ ድግምት ነው፣ ይከሽፋል!" ብሎ ገጹን ሳይገልጥ በቃሉ የጠቀሰው እሱ ነው።