በረሃ የገባ ሮቶ

አማች አማቱን «ቧንቧውን ይዝጉልኝ» የሚልበት አንደበት ገና አልተፈጠረም። «ይብሉልኝ» ይላል፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይላል፤ «እንዴት አደሩ» ለማለት ወገቡ እስኪቆረጥ ይጎነበሳል። ስለ ቧንቧ ግን የተደነገገለት ነገር የለም። ይሉኝታ ሲሠራ ቧንቧ የት ነበረና!

ባልንጀራዬ ይህን የሕግ ክፍተት ያገኘው ካሊፎርኒያ በረሃ መሃል፣ በኪራይ አርቪ ውስጥ፣ ከሚስቱ እናት ጋር ነው። እኔ ለመዝናናት የተጋበዝኩ እንግዳ ነበርኩ። መሃል ላይ ሽማግሌ፣ መጨረሻ ላይ ድስት ተሸካሚ ሆኛለሁ።

አርቪ ቤትም መኪናም ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ጣጣ ይዟል፤ እንደ መኪና ነዳጅ ይጠጣል፣ እንደ ቤት ሽንት ቤቱ ይደፈናል። አልጋ፣ ምድጃና ክርን የማያስዘረጋ ሻወር አለው። ሆዱ ሥር ሦስት ታንከር ተሸክሟል፤ አንዱ የንጹሕ ውሃ ነው፣ አንዱ የእጣቢ፣ ሦስተኛውን አንባቢ ምሳ ላይ ሊሆን ስለሚችል እንለፈው። የእኛው የንጹሕ ውሃ ታንከር የሚይዘው 40 ጋሎን ነበር፤ 151 ሊትር ግድም። ሌላው ሰው «ብዙ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ባልንጀራዬ መሐንዲስ ነውና አካፈለው። ለ6 ሰው፣ ለ3 ቀን፣ ለያንዳንዱ በቀን ከ8 ሊትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። አንድ አሜሪካዊ ቤቱ ውስጥ በቀን በአማካይ 300 ሊትር ያህል እንደሚጠቀም የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጽፏል። የአርቪያችን ሻወር በደቂቃ 7 ሊትር ያወርዳል። እንግዲህ አንድ ደቂቃ የታጠበ ሰው ቀሪውን ቀን ሳይጠጣ፣ ሳይበላና ሽንት ቤት ሳይሄድ መዋል አለበት ማለት ነው።

«ይበቃናል» አለ መሐንዲሱ። በስሌቱ ውስጥ አማቱን የቆጠራቸው እንደ አንድ ሰው ነበር።

የምንሄደው ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ወዳለው ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ ውስጥ ካሉት የማደሪያ ሰፈሮች ውሃ ያላቸው ብላክ ሮክና ኮተንውድ የሚባሉት ብቻ ናቸው። እኛ ቦታ ያገኘነው ጃምቦ ሮክስ ነው፤ ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ሞልተውታል፣ ጠብታ ውሃ ግን የለውም። የልጆቹ የፀደይ ዕረፍት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለገጠመ ከፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ከምትባለው ሰፈር፣ እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ተጫነ። ከገበያ ደግሞ ጎመን። ጎመኑን ልብ በሉልኝ። ጎመን በሦስት ውሃ ካልታጠበ ሣር ነው ብለው የሚያምኑ ሴት አብረውን ነበሩ።

መሐንዲሱ ለዚህ ውሃ የተዘጋጀውን ያህል ለሠርጉ አልተዘጋጀም። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ነጭ ጎማ ገዛ፤ ተራው የአትክልት ጎማ ውሃውን ላስቲክ ላስቲክ ያሰኘዋል። ግፊት የምትቀንስ ትንሽ የናስ ዕቃም ገዛ፤ አንዳንዱ ሰፈር ውሃው በኃይል ስለሚመጣ የአርቪውን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊያፈነዳቸው ይችላል። ከዚያ ታንከሩን በበረኪና አከመው፤ ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ፣ ሞልቶ፣ አሳድሮ፣ ደፍቶ፣ ደጋግሞ አለቅልቆ። ሽታው ጨርሶ አልለቀቀም። እማማ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው «ይሄስ ለነጠላ ነው» አሉና ለቡናው ሃይላንድ እንዲከፈት አዘዙ። ባዶውን ጠርሙስ አልጣሉትም። እማማ ባዶ ጠርሙስ ጥለው አያውቁም፤ ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ የልጃቸው ጋራዥ መኪና ማስገባት አቁሟል።

ባልንጀራዬ ታንከር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወረቀት ላይ መሳል ሲጀምር አቋረጡት።

«ሮቶ ነዋ!»

«አዎ እማማ፣ እንደ ሮቶ ሆኖ...»

«መኪና የገዛ ሮቶ። እኛስ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ በቦቴ ይመጣ የለ እንዴ?»

መሐንዲሱ ደስ አለው። «የውሃን ዋጋ ከሚያውቅ ሰው ጋር መጓዝ እንዴት ያለ ዕድል ነው» አለኝ በጎን። ፓርኩ እንደገባን ወደ ባርከር ግድብ ወሰደን። ከብት አርቢዎች በ1900 ገደማ፣ ከድንጋዮቹ መሃል የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ለማቆር የሠሩት ነው፤ ቢል ኪይስ የሚባል የአካባቢው ነዋሪ ደግሞ በ1949 እና በ1950 ከፍ አድርጎታል። በበረሃ የሚኖር ሰው ውሃ ሲያገኝ ማጠራቀም እንዳለበት መሐንዲሱ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። (የሚኖርባት ከተማ ከ1913 ጀምሮ ከ370 ኪሎ ሜትር ማዶ በቦይ ውሃ እያስመጣች እንደምትኖር አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም።) እማማ ከልብ አዳመጡት። መሐንዲሱ አማቱን ያደነቀው ጎመኑ ከመታጠቡ በፊት ነው።

አርቪ ውስጥ ውሃ የሚገፋው በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ቧንቧ ሲከፈት ግርርር ይላል፤ ሲዘጋ ዝም። ጆሮ ጠቢ ማለት እርሱ ነው፤ ማን እንደታጠበ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ አንድም ሳያስቀር ያሳብቃል። የመጀመሪያው ምሽት ጎመኑ ሲታጠብ ግርርር። ምስሩ ሲታጠብ ግርርር። ከራት በፊት እጅ፣ ከራት በኋላ እጅ። ሲኒዎቹ ለአቦል ለቅለቅ፣ ለቶና ለቅለቅ፣ ለበረካ ለቅለቅ። ትልቋ ልጅ ጸጉሯን ልትታጠብ ገባች፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፣ ሴት ልጅ ያለው ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ለጸሎት ሲነሡ ፊታቸውን ሊታጠቡ፤ ግርርር። ከላይኛው አልጋ የመሐንዲሱ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት በራፉ አጠገብ ያለውን መለኪያ ተጫነው። ያለው አራት መብራት ነው፤ ባዶ፣ ሲሶ፣ ሁለት ሲሶ፣ ሙሉ። በመሃላቸው ያለውን እግዜር ብቻ ያውቀዋል። ማታ «ሙሉ» ያለው ሹም አሁን «ሲሶ» አለ።

«አንተ ንገራቸው» አለኝ ወደ ውጭ ስቦ። «እኔ አማች ነኝ።»

«ልጃቸው ትንገራቸዋ!»

«‹እናቴን ውሃ ልትነፍጋት ነው?› ትለኛለች። ይህን ጠይቃኝ የምመልሰው የለኝም።»

ሽማግሌ ሆኜ ገባሁ። ወግ ነውና ከጤና ጀመርኩ፣ በዘመድ አዝማድ በኩል ዞርኩ፣ አዲስ አበባ ደረስኩ። ሰፈራቸው ውሃ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሰው በተኛበት ሌሊት ነው አሉኝ። መግቢያ አገኘሁ።

«እማማ፣ እዚህም እንደዚያው ነው። ያለችን ይቺው ናት። ዛሬ ይሁን ነገ፣ ድንገት ቀጥ ልትል ትችላለች።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ይሄን አስቀድሞ የሚናገር ሰው ይጥፋ? ተባረክ ልጄ፣ በጊዜ ነገርከኝ!»

ሽምግልናው ተሳካ። መልእክቱን ያደረስኩት አንዲት ቃል ሳላጎድል ነው፤ ይህ ይመዝገብልኝ።

እኛ ከሰፈሩ ጎን ያለውን የራስ ቅል የሚመስል ዐለት ልናይ ተነሣን። እማማ አልመጣም አሉ። «በሁዳዴ የራስ ቅል ለማየት ሰው አሜሪካ ድረስ አይመጣም፤ ሂዱ፣ እኔ ሥራ አለብኝ።»

ስንመለስ ፓምፑ ከሩቅ ይሰማል። ግርርር እንዳለ አያቆምም። መሐንዲሱ ሮጠ። ፓምፕ ውሃ ሲያጣ ግፊት አይፈጥርም፣ ግፊት ካልፈጠረ አይጠፋም፤ ባትሪው እስኪሞት አየር ሲምግ ይውላል። የማድቤቱ ቧንቧ እንደተከፈተ ነው፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን ተደርጎለታል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ውሃ ሲሄድ ቧንቧ አይዘጋም፣ ተመልሶ ሲመጣ ድምፁ እንዲቀሰቅስ ክፍት ይተዋል።

መለኪያው «ባዶ» ይላል። መሐንዲሱ መኪናው ሥር ገብቶ በደረቱ እየተሳበ የፈሰሰበትን ፈለገ። አሸዋው ክው ያለ ደረቅ ነው። «ቢያንስ 50 ሊትር! መሬት ሳይነካ የት ይገባል?» ይላል ከሥር።

እማማ በራፉ ላይ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው አፈር ላይ የምትንከባለል?»

«ውሃው እማማ... ውሃው...»

«ሄደ እኮ! እናንተ እንደወጣችሁ ብዙም አልቆየም። ደግነቱ ቀድሜዋለሁ።»

ብርድ ልብሱን ገለጡት። አልጋው ሥር ትልቁ ብረት ድስት፣ አጠገቡ ትንሹ፣ ሁለቱም ከነክዳናቸው። ሻወሩ ውስጥ ሳፋ። የልጆቹ ሶዳ ከኩለሩ ወጥቶ ውሃ ገብቶበታል። ያልተጣሉት ሃይላንዶች በሙሉ መስኮቱ ሥር ተሰልፈዋል። ፔርሙዙ፣ የታናሹ ልጅ የአሸዋ መጫወቻ ባልዲ፣ ሽሮው ወደ ፌስታል የተዛወረለት ጣሳ፤ ሁሉም እስከ አፉ። «ግድቡን ስታሳየኝ የነበረው ለዚህ አይደል?» አሉት።

መሐንዲሱ አፈሩን ከሸሚዙ እያራገፈ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«እግዜር ይስጥልን እማማ» አለ።

ከዚያ ማታ የአንድ ሃይላንድ አናት ቆርጦ፣ በመኪናው ጎን ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ውሃውን ሊመልሰው ሞከረ። ትልቁ ድስት ላይ ግን የዘይት ክቦች ሲንሳፈፉ አየ። በበረኪና ያከመው ታንከር ውስጥ የጎመን ዘይት ማስገባት አልሆነለትም፤ ተወው።

ፓምፑ ተሻረና ጆግ ተሾመ። እማማ ኩለሩ አጠገብ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ፤ ውሃ የፈለገ ይመጣል፣ ለምን እንደሆነ ያስረዳል፣ ይቀዳለታል። ጥርስ ለመፋቅ አንድ ሲኒ። ልጅቷ እንደገና ጸጉሬን ልታጠብ ስትል እማማ አስጎንብሰው አፈሰሱላት፤ ሁለት ጆግ በቃት። እኔ ፊቴን ለመታጠብ ሁለተኛ ጭልፋ ብጠይቅ ፊቴን ተመለከቱና «ይበቃዋል» አሉኝ። መሐንዲሱ ማታ ማታ በስልኩ ያሰላል። ከመደበው 8 ሊትር በታች ወርደናል። ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ያስቸገረው እጣቢው ነው። ፓርኩ ውስጥ እጣቢ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው። እማማ ሳፋውን ይዘው፣ አንድ ኮሳሳ ዛፍ መርጠው ሲሄዱ ታናሹ ልጅ ደረሰባቸው።

«እማማ፣ ኖ! ክልክል ነው! ፖሊስ ይመጣል!»

«ዛፍ በማጠጣት?»

«አዎ!»

ዛፉን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቁልቋል ሊሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል። «እንግዲህ አንተም ጹም» አሉትና ሳፋቸውን ይዘው ተመለሱ። እጣቢው በሲንኩ ወርዶ ታንከሩ ውስጥ ገባ። እሱ ታንከር ሲሞላ መሄጃ ያጣው ውሃ ሻወሩ ወለል ላይ፣ ከነጎመን ቅጠሉ፣ ተመልሶ ብቅ አለ። መሐንዲሱ በመጨረሻ ሥልጣን ያለው ምክንያት አገኘ፤ ኮተንውድ ሄደን እንደፋለን፣ ንጹሕ ውሃም እንሞላለን አለ።

ኮተንውድ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ድስቶቹ ገና ከግማሽ በላይ ውሃ አላቸው።

«እሱን ደፍተን...» ብሎ ጀመረ።

«ውሃ ይደፋል እንዴ?» አሉ እማማ፤ ነገሩ አለቀ።

ቀበቶ ታስረን፣ ጭናችን ላይ ድስት ይዘን ተነሣን። ትልቁ ድስት በእንግድነቴ ለእኔ ተሰጠኝ። መንገዱ ወደ ፒንቶ ቆላ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መሐንዲሱ ታቦት ያስወጣ ይመስል በዝግታ ይነዳል፤ ከኋላ መኪናው ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋል። ቾያ የሚባለው ቁልቋል የተንጣለለበት ዝነኛ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ፎቶ ይነሣል። እኛ በመስኮት አየነው። ድስት የታቀፈ ሰው አይወርድም።

ኮተንውድ ደርሰን የቆሸሸው በወግ ተደፋ፤ እሱንም ምሳ ላይ ላለው አንባቢ ስል አልተርከውም። መሐንዲሱ ነጩን ጎማ ዘረጋ፣ የናስ ዕቃዋን ገጠመ፣ ታንከሩ መሙላት ጀመረ። ከኋላችን ሌሎች አርቪዎች ተሰልፈዋል። እማማ ወረዱ፤ ከቧንቧው በመዳፋቸው ቀምሰው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው?»

«ይሄኛው አይሄድም እማማ። ሁልጊዜ አለ።»

በሐዘኔታ አዩት። «እንደሱ ነው ሁሌም የሚሉት» አሉና ጎደሎዎቹን ድስቶች እንዳወርድ ምልክት ሰጡኝ።

ከኋላችን የነበረው ሽማግሌ ፈረንጅ ከመኪናው ወርዶ በትሕትና ቀረበ። ታንከራችሁ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ ብዙ ይቀራችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ ሰልፉን አየ፤ አማቱን አየ፤ ጎማውን ከታንከሩ ነቅሎ ትልቁ ድስት ውስጥ ጨመረው።

«ሁለት ድስትና አንድ ኩለር» አለው በእንግሊዝኛ።

«ጀበናዋን አትርሳ!» አሉ እማማ ከውስጥ።