ሶፋውን አንሣ፣ ልምድ ነው

በክረምት አዲስ አበባ ላይ ቅዳሜና እሁድን በደስታ ማሳለፍ የሚፈልግ ወጣት ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ ቴአትር ይማርና ከአንዱ ቴአትር ቤት ለኢንተርንሺፕ ይመደብ። እኩዮቹ ወዳጅነት ፓርክ ፎቶ ሲነሡ፣ አለዚያም ዝናቡ እስኪያባራ የሱቅ በረንዳ ተጠልለው ጥብስ በቆሎ ሲግጡ፣ እሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሶፋ ተሸክሞ ይገኛል።

ሶፋው የግድ ነው። የአማርኛ ቴአትር ያለ ሳሎን፣ ሳሎንም ያለ ሶፋ እንደማይሆንለት ተመልካች ሁሉ ያውቃል። ባልና ሚስት የሚጣሉት ሶፋው ላይ፣ ሽማግሌ የሚያስታርቃቸው ሶፋው ላይ፣ ሞተ የተባለው ልጅ ድንገት ብቅ ሲል እናት ተዝለፍልፋ የምትወድቀውም እዚያው ሶፋው ላይ ነው። የቴአትር ቤቶቻችን አሠራር ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን ይታያል፣ በማግስቱ መድረኩን ሌላው ይረከባል። የዓርቡ ሶፋ ይወጣል፣ የቅዳሜው ይገባል፤ የቅዳሜው ይወጣል፣ የእሁዱ ይገባል። ተመልካች የወደደው ቴአትር ዓመት አልፎም ሊታይ ስለሚችል፣ የዘንድሮው ተለማማጅ ያነሣውን ሶፋ የከርሞውም ያነሣዋል። ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ አሪስቶትልም ስለ ስታኒስላቭስኪም ተምሯል፤ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ በጠባብ በር በየትኛው ጎኑ እንደሚያልፍ ግን አንድም መምህር አልነገረውም። የትምህርት ጥራት ወደቀ የሚባለው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ከሶፋው በኋላ ጥናት አለ። ጥናቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ይለጠፋል፤ ዋናው ተዋናይ የተከታታይ ድራማ ቀረፃ ስላለበት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። የተለማማጁ የክብር ሰዓት የሚመጣው በዚህ መሀል ነው። አዘጋጁ ጽሑፉን ያቀብለውና «እስቲ እሱ እስኪመጣ ቦታውን ያዝ» ይለዋል። ልጁ ጽሑፉን ተቀብሎ አይገልጠውም፤ ማታ ማታ ብቻውን ሲያነበንበው የከረመ ነውና በቃሉ ይወርደዋል። አዘጋጁ ሲጋራውን ማራገፍ ይረሳል። አብራው የምትጫወተዋ ተዋናይ ቀና ብላ ታየዋለች። ወዲያው በሩ ይከፈትና ባለቦታው ስልክ እያወራ ይገባል። «ጎበዝ ነህ፣ በል ተነሥለት፤ ስትወጣ በዚያው ማኪያቶ እዘዝለት።» ተለማማጅ አይከፈለውም የሚሉ ሰዎች ይህን አላዩም። አሥር ደቂቃ ሙሉ ተዋናይ ሆኖ መቆየት ስንት ብር ያወጣል?

ሴት ተለማማጅ ስትሆን ትምህርቱ ይሰፋላታል። አልባሳት ትተኩሳለች፣ የተበጠሰ ቁልፍ ትተክላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች። ወንዱ ለምን አይተኩስም ብላ የጠየቀች እንደሆነ ደግሞ የሚያዋዛት እንጂ የሚመልስላት የለም።

አልፎ አልፎ ቅሬታ እሰማለሁ። ከአያት ፒያሳ ታክሲ እየቀያየረ የሚመጣ አንድ ልጅ «የትራንስፖርት እንኳ ቢታሰብልኝ» ብሎ ጠየቀ አሉ። ምን ዓይነት ትውልድ ነው! ልምድ እያገኘ አይደለም እንዴ? ረዳቱ በልምድ አላሳፍርም ካለ ጥፋቱ የረዳቱ ነው፤ ለጥበብ ፍቅር የለውም። አከራይዋም ወር ሲሞላ በር ብታንኳኳ ስለ ስታኒስላቭስኪ ያጫውታት። እርግጥ ቴአትር ቤቱ ለመብራት በብር ይከፍላል፤ ለፖስተር አታሚው በብር ይከፍላል፤ ሶፋውን ለሠራው አናጺም በብር ከፍሏል። ለእነሱም ልምድ ቢሰጣቸው መልካም ነበር፤ ግን ለልጆቹ የተቀመጠውን ማን ደፍሮ ይነካል?

ሕግ የሚጠቅስም አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጆች ያወራል፣ ውል ስለ መዋዋልና ስለ ክፍያ ያነሣል ይላሉ። ያንሣ። እኛ ከልጁ ጋር መቼ ተዋዋልን? በእጃችን ያለው ከዩኒቨርሲቲው የመጣ «ትብብር እንዲደረግለት» የሚል ደብዳቤ ነው። እየተባበርነው ነው።

ነባሮቹ ደግሞ ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ የቀደሙት ለአገር ብለው እንጂ ለገንዘብ ብለው መድረክ አልወጡም ይላሉ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ጣሊያን ድንበር ላይ ጦር እያከማቸ ነበር፤ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የመጣው ጠላት ማን እንደሆነ ገና አልተነገረንም። ልጁ ግን ይዝመት።

ማታ ቴአትሩ ሲታይ ልጁ ሁለት ሥራ አለው፤ መጋረጃ ይስባል፣ በሦስተኛው ትዕይንት ደግሞ ጋቢ ለብሶ ከሽማግሌዎች አንዱ ይሆናል። ቃለ ተውኔቱ «እውነት ነው!» የሚል ነው። ትኬት ቆርጠው ሊያዩት የመጡ የሰፈሩ ልጆች በነጭ ጢሙ ምክንያት አይለዩትም። እንዲያም ሆኖ አዳራሹ ጨልሞ፣ ሳሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ የመጀመሪያው መብራት ሶፋው ላይ ሲያርፍ ልጁን አንዳች ነገር ይወረዋል። ይህን አልክድም፤ በዚህ ሥራ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ይህች ደስታ ባትኖር ኖሮ እኮ ለተለማማጅ መክፈል ግድ ይሆንብን ነበር። ስንት በጀት እንዳዳነችልን እግዜር ይቁጠርላት።

ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ የግምገማ ቅጽ ይሞላል። ሰዓት ማክበር፣ ታዛዥነት፣ ከሠራተኛው ጋር ያለው ተግባቦት እያለ ይወርዳል። ትወና የሚል ሣጥን የለበትም፤ ያልታየ ነገር እንዴት ይገመገማል? ዋናው ማህተሙ ነው። ማህተሙ የሚመታው ኃላፊው ሲገቡ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ጊዜው ካለቀም በኋላ ደጅ ሲጠና ይሰነብታል፤ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ እያለም ፖስተር ይለጥፋል።

ቅጥር ይኖር እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። መደብ የለም። በየክረምቱ አዲስ ልጆች እየመጡ መደብ ምን ያደርጋል?

ለመጪው ቅዳሜና እሁድ የሚመደብ ልጅ ካለ ዓርብ ከ11 ሰዓት በፊት መጥቶ ቁልፍ ይረከብ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቅዳሜና እሁድ አይገቡም፤ ደሞዝተኛ ናቸው።