ሐተታ ዘአፕዴት

ስልክ አፕዴት ልደረግ ብሎ ሲጠይቅ ከሥር የሚያስነብበው ጽሑፍ በዘመናችን በብዛት ከተሰራጩት ድርሰቶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ይዘቱ «አንዳንድ ስህተቶችን አርመናል፤ ደህንነትንም አጠናክረናል» የሚል ነው። ይህን ያህል የጠበቀ ንባብ ያለ ትርጓሜ ማለፍ ስለማይገባ በአባቶች ሥርዓት እንመልከተው። «አንዳንድ ስህተቶችን አርመናል» አለ፤ የትኞቹን እንደሆነ አልነገረም፤ ብንነግራችሁ ትደነግጣላችሁ ሲል ነው። አንድም፣ ባለፈው ወር አፕዴት ያስገባነውን በዚህ ወር አፕዴት አወጣነው ሲል ነው። አንድም፣ «አንዳንድ» ማለቱ የቀሩት ለሚመጣው ወር ተቀምጠዋል ሲል ነው። «ደህንነትንም አጠናክረናል» አለ፤ እስከ ትናንት ማታ በራችሁ ክፍት ነበር ሲል ነው። አንድም፣ ከዛሬ ጀምሮ እናንተም አትገቡም ሲል ነው። ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ ወደፊት እንደምናየው በተግባር ጸንቷል።

ከንባቡ በታች ሁለት አዝራሮች አሉ፤ በእነሱም ምክንያት የሰው ልጅ ለሁለት ጉባኤ ተከፍሏል። አንዱ «አሁን ጫን» ይላል፤ ሌላው «በኋላ አስታውሰኝ»። በአገራችን ሁለተኛው ጉባኤ ጽኑ መሠረት አለው። አፕዴቱ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ስልኩም «ቦታ የለኝም» ብሎ የእህትህን የሠርግ ቪዲዮ እንድታጠፋለት ይጠይቃል፤ ከሁለቱ የትኛው ለደህንነት እንደሚያሰጋ የሚያውቅ እህት ያለችው ሰው ነው። በላፕቶፕ በኩል ደግሞ ዊንዶውሱ ክራክ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ነገሩ ከቴክኒክ ወደ ምስጢር ጥበቃ ያልፋል። ጭኖ የሚያስረክበው ልጅ «አደራ፣ አፕዴት እንዳታደርገው» ብሎ ይናዘዛል። ኑዛዜው ከፈረሰ ፎርማት ይታዘዛል። ፎርማት ለሁሉም ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በሽተኛው ይድናል፣ ፎቶዎቹ ግን አይድኑም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ይወጣል። በአሜሪካ ጠዋት ሲሆን በእኛ ማታ ነውና ውጤቱ የሚታየው ረቡዕ ነው። ረቡዕ በእኛ ዘንድ ቀድሞም የጾም ቀን ስለሆነ ኮምፒውተሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም የሚደንቅ ነገር የለውም። ስልኮች ግን ቀን አይለዩም። መስከረም 14 ቀን 2007 ዓ.ም. አፕል ያወጣው አፕዴት አዲሶቹን አይፎን 6 ስልኮች ካሻሻለ በኋላ ኔትወርካቸውን ወሰደባቸው። ስልክ ናቸው፤ መደወል ግን አይችሉም።

የዘርፉ ታላቅ ቀን የዋለው ግን ዓርብ ነው፤ ያውም በሚካኤል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ደንበኞቹን ከአጥቂ ለመጠበቅ አንዲት ፋይል ላከ። ፋይሏ 21ኛውን መረጃ አንብብ ብላ አዘዘች፤ ፕሮግራሙ የያዘው 20 ብቻ ነበር። ታዛዥ ስለነበረ 21ኛውን ሊፈልግ ወደማይገባበት የሜሞሪ ክፍል ገባ፤ ዊንዶውስም ሰማያዊ ሆኖ ወደቀ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች አብረው ወደቁ። ይህን ያህል ለመጣል የሚመኝ አጥቂ ዓመታት መድከም ነበረበት።

ኩባንያው ስህተቱን በ78 ደቂቃ አርሟል። እርማቱም እንደ ደንቡ በኢንተርኔት ተላከ፤ ተቀባዩ ግን ተነስቶ ሳይጨርስ መልሶ የሚወድቅ ማሽን ነበር። ስለዚህ ሰው በእግሩ ከማሽን ማሽን እየዞረ ፋይሏን በእጁ ማጥፋት ግድ ሆነ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ቁልፍ ከተቆለፈም መጀመሪያ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር መምታት አለበት። ቁጥሩ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ራሱ ሰማያዊ ከሆነ ከላይ የጠቀስነው የመጨረሻው «አንድም» ተፈጸመ ማለት ነው።

በዚያ ዕለት በእንግሊዝ ስካይ ኒውስ ሥርጭቱ ተቋረጠ፤ በሕንድ አየር ማረፊያዎች የመሳፈሪያ ወረቀት በእስክርቢቶ ተጻፈ፤ ዴልታ አየር መንገድ በቀናት ውስጥ ወደ 7,000 በረራዎችን ሰረዘ። ባጭሩ ዓለም በሙሉ «ሲስተም የለም» አለ። እኛ ይህን አገልግሎት ያለ ምንም አፕዴት ለዓመታት በየመስኮቱ ስንሰጥ ኖረናል፤ ተገልጋዩም ከመሠልጠኑ የተነሳ «መቼ ይመጣል?» ይላል እንጂ «ወዴት ሄደ?» አይልም። ልምዳችንን እንድናካፍል ግን ማንም አልጋበዘንም።

ለታሪክ ያህል፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. የማካፊ ጸረ-ቫይረስ በአፕዴት ጥበብ ከተጨመረለት በኋላ የዊንዶውስን የራሱን ፋይል ቫይረስ ነህ ብሎ ፈርዶበት፣ ብዙ ኤክስፒ ኮምፒውተሮች እየጠፉ ሲነሱ ውለዋል። ያን ጊዜ የማካፊ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ከርትዝ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የክራውድስትራይክ ሥራ አስፈጻሚም ጆርጅ ከርትዝ ናቸው። ሰባት ብር የማታወጣ የመንደር ታክሲ ሹፌር እንኳ ሁለት ጊዜ ከተጋጨ ባለቤቱ ይጠይቀዋል፤ በዚህኛው ሙያ ግን ልምድ ይባላል።

ታዲያ «በኋላ» ያሉት ጸደቁ? አልጸደቁም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ፤ ብዙዎች በኋላ አሉ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ መለሱ። ይህን አይተው የተጸጸቱት ወደ «አሁን ጫን» ጉባኤ ለመግባት ስድስት ሳምንት ተሰጣቸው። ሰኔ 20 ቀን ኖትፔትያ የተባለው ሌላ አጥፊ ፕሮግራም መጣ፤ የገባውም ዩክሬን ውስጥ ግብር ለማስላት በሚያገለግል ፕሮግራም አፕዴት ተሳፍሮ ነው።

በዚህ ጊዜ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ መርስክ በዓለም ዙሪያ 150 ገደማ የሚሆኑት የኔትወርኩ ዋና መዝገቦች ሁሉ ጠፉበት፤ ከአንዱ በቀር። የተረፈው ጋና የሚገኘው ነበር። ያዳነው ጸረ-ቫይረስ አይደለም፤ አፕዴትም አይደለም። ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። መዝገቡን ወደ እንግሊዝ ለመላክ ኢንተርኔቱ ቀጭን ሆነ፤ ሃርድ ዲስኩን ይዞ የሚበር ሰው ቢፈለግ የጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ አየር ማረፊያ ላይ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ እሱ ወደ ሎንዶን ይዞት ገባ። መርስክ ከዚያ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን እንደገና ጫነ።

ከዚህ ማስረጃ በመነሳት፣ እስከ ዛሬ በተግባር ተፈትኖ ያልተሸነፈው የደህንነት ዘዴ የመብራት መጥፋት ሆኖ ተገኝቷል። ዘዴው የወር ክፍያ የለውም፤ ሪስታርት አይጠይቅም፤ ያለ ፈቃድ ይጫናል። በሳምንት ብዙ ጊዜ በነጻ የሚያቀርቡት መሥሪያ ቤቶች እስካሁን ለሳይበር ደህንነት ሽልማት ያልታጩበት ምክንያት ግን ተጨማሪ ጥናት ይሻል።