ተፈጥሮ ምን በወጣት!

በእስራኤል፣ በኪርያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ሺኩኖች (የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች) ጤና አዳም ያልተተከለበት መርፔሴት (በረንዳ) ማግኘት ይከብዳል። ለቡናው ከሆነ እሰየው ነው። ነገሩ የተበላሸው ጤና አዳሙ ከስኒ ወጥቶ ፊት ላይ መውጣት ሲያምረው ነው። ዛሬ የወይራ ዘይትና ትንሽ ሰም ያላት ማጀት ሁሉ መድኃኒት ቤት ሆናለች፤ ቅጠሉ ይወቀጣል፣ ዘይት ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የቀለጠው ሰም ይጨመርበታል፣ በብልቃጥ ተደርጎም «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይባላል። ለማድያቱም፣ ለብጉሩም፣ ለችፌውም፣ ለሕፃኑ መላላጥም ያችው አንዷ ብልቃጥ ናት። የቆዳ ሐኪም ለመሆን አሥር ዓመት ያህል የሚማሩ ሞኞች ይኖራሉ፤ ለባለቅባቷ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በቂዋ ነው። የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሚሽና ጤና አዳምን ከአሥራት ነፃ እንዳወጣው እርግጥ ነው፤ ከሐኪም ግን ነፃ አላወጣውም።

ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ አርፈው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ያውም ወዲያው አይደለም። መቅላቱና ውሃ መቋጠሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚመጣ፣ ተቀቢዋ በበላችው ዓሣ ወይም በጎረቤት ዓይን ታሳብባለች እንጂ ብልቃጧን አትጠረጥርም። ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማድያት ለማጥፋት ተቀብቶ ማድያት መሸመት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ሎሚ ጠብ ከተደረገበት (ይደረግበታልም) ያው ነው፤ ያንኑ ዓይነት ንጥረ ነገር ሎሚም ይዟል። ሐምሌ ጎንደር ላይ ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ጌዴራ ላይ ግን ደመና የሌለበት ሰማይ ነው። ቅጠሉ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ወቅቱ አብሮት አልመጣም።

«እናቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረው የለም ወይ?» ይባላል። ኖረዋል። ግን ምን አድርገው? እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የመጡት እናቶች የሚያውቁት ቅጠሉን ብቻ አልነበረም፤ ለማን እንደሚሆን፣ ስንት ቅጠል እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚተው ያውቁ ነበር። ዕለቱን ቆርጠው፣ ዕለቱን ወቅጠው፣ ዕለቱን ይለጥፉት ነበር እንጂ በብልቃጥ አሽገው እስከ ፋሲካ አያቆዩትም። የዘመኑ ባለቅባት ከዚያ ሁሉ ዕውቀት ቅጠሉን አንስታ ሌላውን እንደ ገለባ በተነችው። ደግሞስ ያልዳኑት፣ የባሰባቸው፣ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? እንዶድም ተፈጥሮ ነው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ በኋላ የቀራቸውን ዕድሜ ሲመረምሩና ሲያስመረምሩ ቆዩ፤ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ምስኪን ሰው! አሽገው «ተፈጥሯዊ» ብለው ቢቸረችሩት ሩብ ምዕተ ዓመት በተረፋቸው ነበር።

«የፋብሪካውስ ኬሚካል አይደለም?» ለሚለው፣ ፋብሪካም ቅዱስ አይደለም። ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫ ቅባቶች ዛሬም በየሱቁ በስውር ይሸጣሉ፤ ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ማምረትም ሆነ ወደ አገር ማስገባትና ማስወጣት ከልክሏል። እነሱን የሚጥል ሰው ልክ ነው። ግን አንዱ መርዝ ነው ማለት ሌላውን መድኃኒት አያደርገውም። ደግሞ ያ የተረገመ «ኬሚካል» ከሚባለው አንዱ ሻጋታ እንዳይበቅል የሚጨመረው ማቆያ ነው። ዘይትና ሰም ብቻቸውን ሲሆኑ ብዙም አይሻግቱም፤ የእሬት ውሃ ወይም የቅጠል ጭማቂ ሲገባባቸው ግን ብልቃጧ የባክቴሪያ ሰፈር ትሆናለች፣ ሰፈርተኛው ደግሞ የቆሰለ ቆዳ ላይ ይቀባል።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ቅባቷ የምትሠራው ሥራ ካለ የሚሠሩት ሰሙና ዘይቱ መሆናቸው ነው፤ የደረቀ ቆዳ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ይሸፍኑታል፣ እንደ ተራ ቫዝሊን። ባለቅባቷ ቅጠሉን ብታወጣው ቅባቷ የሚጎድላት ነገር ቢኖር አደጋዋ ነው። ግን ያኔ ሰምና ዘይት ብቻ ይሆንባታል፤ ለሰምና ለዘይት ደግሞ ያን ሁሉ ሸቀል የሚከፍል ጎረቤት ከየት ይመጣል?