በሰባትና ሁለት መቆጣት

ላስ ቬጋስ ነዎት እንበል። የታክሲ ሽፍትዎን ጨርሰው፣ 300 ዶላር ይዘው፣ ብላይንዱ 1 እና 3 ዶላር የሆነ የፖከር ጠረጴዛ ላይ ተሰይመዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የረባ ካርታ አልመጣልዎትም፤ አሁን ደግሞ 7 እና 2 ደረሰዎት። ከማዶ ያለው ሰው 15 ዶላር አለ። ደምዎ ፈላ። ፍሎፕ ሳይወርድ 45 ብለው ሊያስደነግጡት አማረዎት።

እስቲ እጅዎን ከቺፑ ላይ ያንሱና እንመካከር።

መሀል ላይ ያለው 19 ዶላር ነው፦ የሰውየው 15፣ የብላይንዶቹ 4። እሱን ለመውሰድ 45 ሊያወጡ ነው። ስለዚህ ከ10 ጊዜ ቢያንስ 7ቱን ሁሉም ካርታቸውን ካልጣሉልዎት ተበልተዋል። ኮል ቢያደርጉዎት ፍሎፑ ሊያድንዎት ይችላል፤ በ7 እና 2 ግን ባይተማመኑ ይሻላል። ደግነቱ ፍሎፕ ካልወረደ ካሲኖው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽን አይቆርጥም። በዚህች ከተማ በነፃ የሚገኘው ነገር ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ካልዋሹ የማይሆንልዎት ከሆነ፣ ምልክታቸው አንድ የሆነ ኤስና 5 ይጠብቁ። ሰው ሁለት ኤስ የሚይዝበት መንገድ 6 ነው፤ አንዱ ኤስ እርስዎ ዘንድ ካለ 3 ብቻ ይቀራል። የሚፈሩትን ነገር ግማሹን ራስዎ ደብቀው ይዘዋል ማለት ነው። ኮል ቢመጣም ስትሬት ወይም ፍለሽ ተስፋ ይደረጋል። ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚናገሩበት ወንበር ይሁን፤ ይህን እንኳ ያውቁታል።

ዋናው ግን ሰው መምረጥ ነው። ሦስተኛ ቢራው ላይ ያለውን ቱሪስት ይተዉት፤ አገር አቋርጦ የመጣው ካርታ ለመጣል አይደለም። ሹራብ የለበሱትን፣ ቺፓቸውን እንደ ጡብ የደረደሩትን ጡረተኛ ደግሞ ጨርሶ አይንኳቸው። እሳቸው 15 ካሉ ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ነው። የእርስዎ ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ የደፋው ወጣት ነው፤ በየሁለት ጨዋታው ዋጋ ይጨምራል። የራሱ ካርታ ባዶ ስለሆነ የእርስዎን ያምናል።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በዚያው በ7 እና 2፣ ባለ ሹራቡን ሽማግሌ 45 አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ በትሕትና፣ «ኦል ኢን» አሉ። ጣልኩ።

ዲለሯ የአገሬ ልጅ ናት። በጨዋታ መሀል ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር ክልክል ነው። ቺፑን ወደ ሽማግሌው እየገፋች ከንፈሯን መጠጠችልኝ። የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ቀና ብሎ አየን፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረች መለየት አቅቶት ወደ ሥራው ተመለሰ።