ካርዱን ምን ነካው?

በዩኒቨርሲቲያችን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የቴክኖሎጂ ተማሪ መሆን ዕዳ አለበት፤ ሲቪልም ተማር ሜካኒካል፣ ለሌላው ሰው «የኮምፒውተር ልጅ» ነህ። ከዋናው ግቢ በባጃጅ የመጣችው የሕክምና ተማሪ ላፕቶፗን ዘርግታ «ኢንጂነር፣ ድረስልኝ!» አለች። «ምን ሆንሽ፣ ዶክተር?» አልኳት፣ ካፌው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሳንመረቅ እንሿሿማለን።

የጎጃም ልጅ ናት። ዋርድ ስትገባ ታካሚ ማናገር አለባትና አፋን ኦሮሞ እየቸከለች ነው፤ በአንኪ። ዴሚየን ኤልምስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ ያጠኑትን ካርድ ሊረሱት ሲሉ መልሶ የሚያመጣ ሶፍትዌር ነው። ከካርዱ ፊት «ኤሳቱ እስን ዹኩባ?» በቁቤ ተጽፏል። ከጀርባ «የት ነው የሚያምዎት?» መምጣት ሲገባው፣ የመጣው ምልክት የታጨቀበት የላቲን ፊደል ግርግር ነው።

«ይኼ የየት ዘዬ ነው? የኢሉባቦር ይሆን?»

አማርኛ ነው! ከእሷ በፊት የተማሩ ልጆች በቪዥዋል ግዕዝ የጻፉት። እነዚያ የድሮ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ሲነሣ ባለወንበሩ ብቅ ይላል። በዩኒኮድ የራሳችንን ቦታ ያገኘነው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የአንኪ ካርድ ደግሞ ትንሽ ድረ ገጽ ናት፤ ይዘቷ ኤችቲኤምኤል፣ መልኳ ሲኤስኤስ። ካልነኳት ኤሪያል ትለብሳለች፣ መጠን 20። ኤሪያል የቪዥዋል ግዕዝን ምሥጢር ከየት ያውቃል?

ዶክተሯ ግን ሕክምና ጀምራለች። ፎንቱን ኒያላ አድርጋለች፣ መጠኑን 40፣ ቀለሙን ሰማያዊ፤ ሶፍትዌሩንም አጥፍታ ጭናለች፤ ሁሉንም ባንድ ምሽት። በሽተኛዋን እንዲህ ብታክም መምህሮቿ ከዋርድ ያባርሯት ነበር።

ሌላም አቤቱታ ነበራት፤ አንዳንዱ ካርድ ቀን ይታያል፣ ማታ ባዶ ነው። ይኼስ ቀላል ነው። ከዎርድ ፋይል ከነቅርጹ ስትለጥፈው ጥቁሩ ቀለም ከጽሑፉ ጋር ተጣብቆ መጥቷል። የማታው ገጽታ ጀርባውን ሲያጠቁር ጥቁር በጥቁር ላይ ይሆናል፤ ጽሑፉ ላይ የተጣበቀ ቀለም ደግሞ የካርዱን ሲኤስኤስ አይሰማም። የካርዱን ኤችቲኤምኤል ከፍቼ ቀለሟን ብሰርዛት መልሱ ተመለሰ። «አንተ!» አለች፤ ማዕረጌ ጸደቀ።

የቪዥዋል ግዕዙን በራሱ ፎንት ከፍተን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ጀመርን፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መሐል ላይ፣ «እነዚህን ካርዶች ለሌላ ሰው ሰጥተሻል እንዴ?» አልኳት።

«ለክላሱ በሙሉ። በቴሌግራም።»

«እና ማንም አልጠየቀም?»

«ኧረ አንዱ ልጅማ አነባበቡን ሁሉ አስተምሮናል።»